የመኪናችሁ ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቆም፦ ጋዝ ከማስሞላታችሁ በፊት

ኤሲው ማቀዝቀዝ ያቆመበት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ጋዝ አልቆ ነው፣ አስሞላው» የሚል ነው። ይሞላል፤ ጥቂት ሳምንት ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ያው ሙቅ ነፋስ ይመለሳል። ገንዘቡ ሄደ፣ ጋዙም ወደ አየር ሄደ። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ዓመታት ይኖራል። በደንብ ከጎደለ የወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ሳይገኝ መሙላት ማለት ለቀጣዩ ክፍያ ቀጠሮ መያዝ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጋዙ ጨርሶ አልጎደለም፤ የተቃጠለ ፊውዝ፣ የቆመ ፋን ወይም በአቧራ የታፈነ ፊልተር ነው ጥፋቱ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። ገንዘብ የማያስወጣው ምርመራ ይቅደም፣ ጋዝ መጨረሻ ይምጣ።

እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ባጭሩ

ኮምፕሬሰሩ በሞተሩ ጉልበት እየዞረ ጋዙን ይጨምቃል፤ የተጨመቀ ጋዝ ይግላል። የጋለው ጋዝ ከራዲያተሩ ፊት ወደተተከለው ኮንደንሰር ይሄድና ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በድራየሩ ተጣርቶ በኤክስፓንሽን ቫልቭ ጠባብ ቀዳዳ ሾልኮ ዳሽቦርዱ ውስጥ ወዳለው ኢቫፖሬተር ሲገባ ግፊቱ በአንዴ ይወርድና ይተናል። አልኮል እጃችን ላይ ሲተን እንደሚቀዘቅዘን ሁሉ፣ ጋዙም ሲተን የኢቫፖሬተሩን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ነፋሹ ሞተር፣ ማለትም ብሎወሩ፣ በዚያ ቀዝቃዛ ብረት ላይ አየር አሳልፎ ወደ ፊታችሁ ይልካል።

ከዚህ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይወጣል። አየሩ ይንቀሳቀሳል ወይ? ጋዙስ እየዞረ ሙቀቱን ውጭ ይጥላል ወይ? ከታች ያለው ሁሉ የእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ዝርዝር ነው።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ልበል። ብዙ መኪኖች ውስጥ ያለው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ ከታመቀበት ሲለቀቅ የሚፈላው ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ነው። ዓይን ወይም ቆዳ ላይ ቢረጭ እንደ እሳት ይጎዳል። የኤሲ ቱቦ ብሎን በግምት አትፍቱ፤ የጋዙን ግፊት የሚለካ ጌጅ የምታስሩ ከሆነ መነጽርና ጓንት አድርጉ። ሞተር እየሠራ ኮፈን ስትከፍቱ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ከረባት፣ የተለቀቀ ጸጉር ከቺንጋውና ከፋኑ ይራቅ። የኤሌክትሪክ ፋን ሳይታሰብ በራሱ ይነሳል።

1. ሕመሙን በትክክል ለዩ

መኪናውን ውጭ አቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ሞተሩን አስነሱ። ኤሲውን አብሩ፣ ነፋሱን መጨረሻ ላይ አድርሱ፣ ሙቀቱን ወደ ቀዝቃዛው ጥግ አዙሩ፣ የውስጡን አየር የሚያዞረውን ቁልፍ ተጫኑ። አሥር ደቂቃ ጠብቁ። የኩሽና ወይም የክፍል ቴርሞሜትር ካላችሁ መሐል ባለው የአየር መውጫ ውስጥ ሰኩት። ደህና የሆነ ኤሲ በመጠነኛ ሙቀት ቀን ከ4 እስከ 10 ዲግሪ የሚደርስ አየር ያወጣል። ቁጥር መያዙ ይጠቅማል፤ «ትንሽ ይቀዘቅዛል መሰለኝ» ከማለት ያድናል፤ ከጥገና በኋላም ማነጻጸሪያ ይሆናል።

ከዚያ የትኛው እንደሆነ ለዩ። ነፋሱ ራሱ ከሌለ ወይም ከደከመ ወደ ቁጥር 2 ሂዱ። ነፋሱ ብርቱ ሆኖ ሙቅ ከሆነ ወደ ቁጥር 3። መንገድ ላይ ሲሮጥ የሚቀዘቅዝ፣ ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆም የሚሞቅ ከሆነም ቁጥር 3 ውስጥ ስለ ፋኑና ስለ ኮንደንሰሩ ያለውን ቀድማችሁ አንብቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያ ነው።

2. ነፋስ ከሌለ

በየትኛውም ፍጥነት የማይነፋ ከሆነ የብሎወሩን ፊውዝ እዩ። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ወይም በመኪናው መጽሐፍ ላይ ቦታው አለ። ፊውዙ ደህና ከሆነ ከፊት ተሳፋሪው እግር በላይ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ብሎወሩን በእጅ መታ መታ አድርጉት። ሲመታ ከተነሳ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን አልቋል፤ ለጊዜው ቢሠራም ሞተሩ መቀየሩ አይቀርም።

መጨረሻው ፍጥነት ላይ ብቻ የሚነፋ፣ ዝቅተኞቹ ላይ ግን የሚሞት ከሆነ ጥፋቱ የብሎወሩ ሬዚስተር ነው። ትንሽ ዕቃ ናት፤ በሁለት ብሎን ተፈትታ ትወጣለች።

ብሎወሩ እየጮኸ የሚወጣው አየር ግን ቀጭን ከሆነ የካቢን ፊልተሩን አውጡ። ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላና መሰሎቻቸው ላይ ፊልተሩ ከተሳፋሪው ፊት ካለው የዕቃ ሳጥን ጀርባ ነው። የሳጥኑን ሁለት ጎን ወደ ውስጥ ጨመቅ ሲያደርጉት ይወርዳል፤ ከኋላው ቀጭን ክዳን አለ። በእኛ አቧራ መንገድ ይህ ፊልተር በዓመት አንዴ እንኳ ካልተቀየረ ብርድ ልብስ ይመስላል። አራግፎ መመለስ ለመንገድ ያህል ይሆናል እንጂ መፍትሔ አይደለም። ሲመለስ ቀስቱ የአየሩን አቅጣጫ እንዲይዝ አድርጉ።

መጀመሪያ ጥሩ ቀዝቅዞ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነፋሱ የሚደክም፣ ቆሞ ትንሽ ሲያርፍ ደግሞ የሚመለስ ከሆነ ኢቫፖሬተሩ በረዶ እየያዘ ነው። ምክንያቱ የታፈነ ፊልተር፣ የጎደለ ጋዝ ወይም የኢቫፖሬተሩ ሙቀት መለኪያ ሴንሰር ብልሽት ሊሆን ይችላል። ኤሲውን አጥፍታችሁ ነፋሱን ብቻ ለአሥር ደቂቃ ተዉት፤ በረዶው ቀልጦ ከመኪናው ሥር ብዙ ውሃ ይፈስሳል። ከመኪናው ሥር ውሃ መንጠባጠቡ በራሱ ጤና ነው። ውሃው ወደ ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ ከመጣ ግን የማፍሰሻ ቱቦው ተደፍኗል ማለት ነው፤ ከሥር ሆኖ በለስላሳ ሽቦ ማስከፈት ይበቃል።

3. ኮፈኑን ክፈቱ

ሞተሩ እየሠራ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ኤሲውን ያብራ ያጥፋ። እናንተ ኮምፕሬሰሩ ፊት ላይ ያለውን፣ ቺንጋው የሚያዞረውን ፑሊ እዩ። ኤሲው ሲበራ «ጠቅ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት፤ እስከዚያ ቆሞ የነበረው የፊተኛው ሳህን ከፑሊው ጋር አብሮ መዞር ይጀምራል። ይህ ክላቹ ነው። በዚያው ቅጽበት የሞተሩ ሚኒሞ ትንሽ ከፍ ይላል። አዳዲስ መኪኖች ላይ ክላች የሌለው፣ ሁልጊዜ የሚዞር ኮምፕሬሰር ስላለ «ጠቅ» አለመሰማቱ ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ መጀመሪያ የእናንተ መኪና የትኛውን እንደያዘ እወቁ።

ቺንጋውን እዩ። ላልቶ፣ ተሰነጣጥቆ ወይም ቅባት ጠጥቶ ከሆነ ኮምፕሬሰሩ ሲይዝ ይንሸራተታል፤ ይጮሃል፤ የጎማ ሽታ ይመጣል።

አሁን ፋኑ። ኤሲ በርቶ ከራዲያተሩ ጋር ያለው የኤሌክትሪክ ፋን በአብዛኛው መኪና ላይ ወዲያው ወይም በጥቂት ጊዜ ውስጥ መዞር አለበት። ካልዞረ፣ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ኮንደንሰሩን ስለሚያቀዘቅዝ ኤሲው ይሠራል፤ ሲቆም ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ቅዝቃዜው ይጠፋል። ይህን ሕመም ይዞ ሄዶ ጋዝ ማስጨመር ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ የተጨናነቀውን ሥርዓት የባሰ ያጨናንቀዋል። የፋኑን ፊውዝና ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ከዚያ ሞተሩን አስፈትሹ።

ፋኑ እየዞረ ከሆነ ኮንደንሰሩን ከፊት በኩል እዩት። ጭቃ፣ ነፍሳት፣ ገለባ፣ ተለጥፎ የቀረ ፌስታል ይገኝበታል። ሞተሩ ሲበርድ ቀስ ብሎ በሚፈስ ውሃ እጠቡት። በከፍተኛ ግፊት የሚረጨውን የመኪና ማጠቢያ ውሃ በቅርብ አታስመቱት፤ ቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ክንፎች ይተኛሉ፤ የተኛ ክንፍ አየር አያሳልፍም።

ዳገት ላይ ኤሲው ራሱን የሚያጠፋ ከሆነ፣ ለምሳሌ ከአዋሽ ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ ወይም ከድሬዳዋ ወደ ቁልቢ፣ መጀመሪያ የሞተሩን ሙቀት ጌጅ ተመልከቱ። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲግል የብዙ መኪኖች ኮምፒውተር ሸክሙን ለመቀነስ ኮምፕሬሰሩን ያጠፋል። እዚያ ላይ ሕመሙ የኤሲ ሳይሆን የራዲያተር፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የቴርሞስታት ነው፤ ችላ ከተባለ ሞተር ያስከፍላል።

4. ክላቹ ካልያዘ

የኤሲውን ፊውዝ አውጥታችሁ እዩ። ተቃጥሎ ከሆነ በዚያው አምፔር ቀይሩት። መልሶ ከተቃጠለ የሆነ ቦታ የተነካካ ሽቦ ወይም የነደደ የክላች ኮይል (ሳህኑን በማግኔት የሚስበው ጥቅል ሽቦ) አለ። ከፍ ያለ አምፔር መሰካት ወይም በሽቦ መቀጠል መኪና ያቃጥላል፤ ማንም ቢመክራችሁ እምቢ በሉ።

ቀጥሎ ሪሌው። ብዙ መኪኖች ላይ የኤሲውና የክላክሱ ሪሌ አንድ ዓይነት ነው። ላያቸው ላይ ያለው ቁጥር ከተመሳሰለ አቀያይሯቸው። ክላቹ ከያዘ ችግሩ ተገኘ፤ ወጪውም የአንድ ሪሌ ዋጋ ነው።

ሁለቱም ደህና ከሆኑ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ቴስተር መጠቀም የሚችል ሰው የክላቹን ሶኬት ነቅሎ ከባትሪ በፊውዝ በተጠበቀ ሽቦ 12 ቮልት ለቅጽበት ይስጠው። «ጠቅ» ካለ ክላቹ ደህና ነው፤ ትእዛዙ አልደረሰውም። ዝም ካለ ኮይሉ ሞቷል ወይም በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት ሰፍቷል። ይህን አድርጋችሁ ሞተር አስነስታችሁ ኮምፕሬሰሩን በግድ አታስኬዱ። የኮምፕሬሰሩ ዘይት የሚዞረው ከጋዙ ጋር ነው፤ ጋዝ ከሌለ ዘይትም የለም፤ በደረቁ ከዞረ ራሱን ይበላል።

ለዚህም ነው ግፊት መለኪያ ስዊች የተሠራው። ጋዙ በጣም ሲያንስ ወይም ግፊቱ በጣም ሲበዛ ክላቹን ይከለክላል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ ሁሉ ደህና ሆኖ ክላቹ እምቢ ካለ፣ አሁን ጋዝ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከክላች ሳልወጣ አንድ ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር አለች። መኪናው ሲነሳ ኤሲው ይሠራል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ሲበርድ ይመለሳል። በዕድሜ የገፉ መኪኖች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ የክላቹ ሳህን መበላት ነው። በሳህኑና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን ሲገባው ይሰፋል፤ የጋለ ኮይል ጉልበቱ ስለሚቀንስ ሳህኑን መሳብ ያቅተዋል። መፍትሔው መሐል ላይ ካሉት ስስ ቀለበቶች አንዷን አውጥቶ ማጥበብ ነው። ለዚህ ብልሽት ሙሉ ኮምፕሬሰር የገዛ ሰው አለ፤ ያሳዝናል።

5. ክላቹ ይዞ አየሩ ካልቀዘቀዘ

ኤሲው አሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ ወደ ዳሽቦርዱ የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በጥንቃቄ ንኩ። ወፍራሙ ቀዝቃዛ፣ ላብ ያለው መሆን አለበት፤ ቀጭኑ ሞቅ ያለ። ከኮምፕሬሰሩ ወደ ኮንደንሰሩ የሚሄደውን ግን አትንኩ፤ ያቃጥላል።

ወፍራሙ ቱቦ በደንብ ቀዝቅዞ ከመውጫው ሙቅ አየር ከመጣ ጋዙ ሥራውን ሠርቷል። ጥፋቱ ዳሽቦርዱ ውስጥ ሙቅና ቀዝቃዛ አየር የምትቀላቅለው በር ናት፤ ገመዷ ወልቋል ወይም የምታንቀሳቅሳት ትንሽ ሞተር ሞታለች። አንዱ ወገን ቀዝቃዛ ሌላው ሙቅ የሆነም እንዲሁ ይመረመራል፤ ግን ሁለት ወገን መቆጣጠሪያ በሌለው መኪና ላይ የጎደለ ጋዝም ይህን ስሜት ሊሰጥ ይችላል።

ሁለቱም ቱቦ ለብ ያለ ብቻ ከሆነ ጋዙ አንሷል ወይም ኮምፕሬሰሩ መጨመቅ አቅቶታል። ክላቹ በየጥቂት ሰከንዱ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ የሚል ከሆነ ወደ ጋዝ ማነስ ያዘነብላል።

6. የሚያመልጥበትን ቦታ ፈልጉ

ጋዝ ሲያመልጥ ዘይት ይዞ ይወጣል። ዘይቱ ላይ አቧራ ይጣበቃል። ስለዚህ በቱቦ መገጣጠሚያዎች፣ በኮምፕሬሰሩ አፍንጫ (ዘንጉ በሚወጣበት) ዙሪያ፣ በኮንደንሰሩ ጥጎች ላይ ቅባት ያለው ጥቁር ነጠብጣብ ፈልጉ። የመሙያ ቫልቮቹን ክዳን ከፍታችሁ የሳሙና አረፋ ጣል አድርጉበት፤ አረፋው ካበጠ የቫልቩ ትንሽ ውስጣዊ መርፌ ነው የሚያስወጣው፤ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ክዳኖቹ ራሳቸው ማኅተም ስለሆኑ ጠፍተው ከሆነ አስገቡላቸው። በአረፋ ያልተገኘ በአልትራቫዮሌት መብራት በሚያበራ ቀለም ይገኛል፤ ኢቫፖሬተሩ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ከማፍሰሻ ቱቦው ውሃ ጋር ይወጣል።

ቀዳዳ ይደፍናል የሚባለውን ፈሳሽ አታስገቡ። ቀዳዳውን ባይደፍን እንኳ ኤክስፓንሽን ቫልቩን ሊደፍን፣ የጋራዡን ማሽንም ሊያበላሽ ይችላል።

7. ጌጁ ምን ይላል

የጌጁ ሰማያዊ ቱቦ ዝቅተኛ ግፊት ባለው በወፍራሙ መስመር፣ ቀዩ ከፍተኛ ግፊት ባለው በቀጭኑ ይታሰራል፤ የአር-134ኤ መግጠሚያዎች መጠናቸው ስለሚለያይ አይቀያየሩም። ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ ሁለቱም እኩል ይሆናሉ፤ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን 70 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) አካባቢ፣ 30 ዲግሪ ላይ ወደ 100። እዚህ ላይ መካኒኮችም ይሳሳታሉ። ይህ ንባብ ጋዝ መኖሩን እንጂ መሙላቱን አይናገርም። ጠብታ ፈሳሽ ጋዝ እስካለ ድረስ ግማሹም ሙሉውም አንድ ዓይነት ያነባል።

ሞተሩ ሲሠራ ሰማያዊው ከ25 እስከ 45፣ ቀዩ ከ150 እስከ 250 ድረስ ቢሆን ጤና ነው፤ በአፋር ሙቀት ቀዩ ከዚያ ያልፋል። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዝ አንሷል። ሁለቱም ከፍ ካሉ ጋዝ በዝቷል፣ አየር ገብቷል ወይም ኮንደንሰሩ አይተነፍስም። ሰማያዊው ከፍ፣ ቀዩ ዝቅ ብለው ከተጠጋጉ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል። ሰማያዊው ከዜሮ በታች ከወረደ መስመሩ ተዘግቷል፤ ብዙ ጊዜ በቫልቩ ወይም በድራየሩ ላይ።

8. ቫኪዩምና ሙሌት፦ ከጋራዡ የምትጠይቁት

ቀዳዳው ተጠግኖ ድራየሩ ተቀይሮ ካበቃ በኋላ ሥርዓቱ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ በቫኪዩም ፓምፕ ይሳባል፤ ፓምፑ ጠፍቶ ለ20 ደቂቃ ያህል መርፌው ሳይነቃነቅ መቆየት አለበት። ይህን የዘለለ ጋራዥ ውስጥ የቀረውን እርጥበትና አየር ይዞላችሁ ነው የሚሞላው። አዲስ አበባ ላይ ግን መርፌው 29 ኢንች (ጌጁ ቫኪዩምን የሚለካበት የሜርኩሪ ኢንች) አልደረሰም ተብሎ ፓምፑ አይወቀስ። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ እዚህ ፍጹም ቫኪዩም ቢሆን ጌጁ የሚያነበው ከ22 እስከ 23 ኢንች ብቻ ነው። ድሬዳዋ ላይ 26 አካባቢ ይደርሳል። ዋናው የደረሰበት ቦታ ላይ መጽናቱ ነው።

ጋዙ በሚዛን ይሞላ። ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ምልክት ላይ የጋዙ ዓይነትና ክብደቱ በግራም ተጽፏል፤ ትናንሽ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው። በዚህ መጠን ላይ መቶ ግራም መብለጡም ማነሱም ይታወቃል። «ቱቦው እስኪቀዘቅዝ» የሚሞላ ሰው እየገመተ ነው። ሲሊንደሩ ላይ ያለውን ስምም እዩ። ለማብሰያ የምንጠቀምበትን ጋዝ ወይም ለአዳዲስ ፍሪጆች የሚሆነውን አር-600ኤ መኪና ውስጥ የሚጨምሩ አሉ፤ ሁለቱም ተቀጣጣይ ናቸው፤ ኢቫፖሬተሩ ደግሞ ያለው ከልጆቻችሁ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ነው።

ኮምፕሬሰር መቀየር ግድ ሆኖ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ከፈለጋችሁ፣ ቀዳዳዎቹ የተደፈኑትን ምረጡ። አፉ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ኮምፕሬሰር ዘይቱ እርጥበት ጠጥቷል። ፊቱን በእጅ አዙሩት፤ ሳይንገራገጭ፣ እኩል ተቃውሞ እየሰጠ መዞር አለበት። ከውስጡ የሚንጠባጠበው ዘይት ጥቁር ወይም ብር መሳይ ከሆነ ተዉት። የድሮው ኮምፕሬሰር ብረት ፈጭቶ ከሞተ መስመሩ ሳይታጠብ፣ ድራየሩና ቫልቩ ሳይቀየሩ አዲሱን መግጠም አዲሱንም መግደል ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪኮቹ በዝተዋል። ፊልተሩን፣ ኮንደንሰሩን፣ የአየር በሯን እላይ እንዳልኩት መርምሩ፤ ከዚያ አቁሙ። ኮምፕሬሰሩ የሚሠራው ብርቱካናማ ሽፋን ባላቸው ገመዶች በሚመጣ በመቶዎች ቮልት ነው፤ ይገድላል። ዘይቱም ይለያል፤ በነዳጅ መኪኖች ኮምፕሬሰር ውስጥ የተለመደው የፓግ ዘይት ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ትንሽ እንኳ ቢቀላቀል መኪናው በኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪክ እንዳያመልጥ በሚከለክለው ሽፋን) ብልሽት ሊቆም ይችላል። በብዙዎቹ ላይ ያው ኮምፕሬሰር ባትሪውንም ስለሚያቀዘቅዝ ብልሽቱን አታሳድሩት፤ በተለይ ወደ ቆላ ከመውረዳችሁ በፊት።

እንዳይመለስ

የአዲስ አበባ አየር ኤሲ አያስፈልግም ያስብላል። ወራት ሳይበራ ከርሞ ወደ አዋሽ ወይም ሰመራ የሚወርዱ ቀን ይበራል፤ የዚያን ቀን እምቢ ይላል። ኮምፕሬሰሩ ሳይዞር ሲቆይ የአፍንጫው ማኅተም ዘይት ስለሚያጣ ይደርቅና ጋዝ ማሳለፍ ይጀምራል። በሳምንት አንዴ ለአሥር ደቂቃ አብሩት፣ ብርድም ቢሆን። ክረምት ላይ ደግሞ በቂ ምክንያት አለ፦ መስታወቱ በጉም ሲሸፈን ኤሲውንና ማሞቂያውን አንድ ላይ አብርታችሁ ነፋሱን ወደ ፊት መስታወት ምሩት፤ የውስጡን አየር የሚያዞረውን ቁልፍ ግን አጥፉ። ኤሲ አየሩን ስለሚያደርቅ በጨርቅ ከመጥረግ እጅግ ይፈጥናል። ቤት ሊደርስ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲቀር ኤሲውን አጥፍታችሁ ነፋሱን ብቻ ተዉት፤ ኢቫፖሬተሩ ይደርቃል፤ ያ ደስ የማይል የሻጋታ ሽታም አይመጣም።